አንድ ምንጭ፣ ሁለት ቋንቋ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ሕዝብ በየአካባቢው ተሰብስቦ ስለ ማኅበራዊ ፍትሕ፣ ስለ ፍልሰት፣ ስለ ቋንቋና ስለ ባህል የሚማማርበትን ጉባኤ አስመልክቼ እንድናገር ስጠየቅ፣ ይህ የመምህራንና የታሪክ ምሁራን ድርሻ ነው ብዬ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ በምሥራቅ ወለጋ፣ በኪራሙ ገጠር የማውቀው አንድ ምንጭ ነው።

ሥራ በጀመርሁባቸው ዓመታት ያን ምንጭ እንዳጎለብት ተመድቤ ነበር። በኅዳር ወር ፍሰቱን ስለካ ሃያ ሊትር የሚይዘው ጄሪካን በግማሽ ደቂቃ ሞላ። በዚሁ ልኬት የማጠራቀሚያውን መጠንና የቦኖዎቹን ብዛት ወሰንሁ። ሕዝቡ ተሰበሰበ፤ እኔ በአማርኛ አስረዳሁ፤ ወንዶቹ እጃቸውን አወጡ፤ ቃለ ጉባኤውም ተፈረመ። በሚያዝያ ተመልሼ ስለካ ግን ያው ጄሪካን ለመሙላት ሁለት ደቂቃ ፈጀ። ወረፋ ላይ ቆመው የነበሩ አንዲት እናት በኦሮምኛ የተናገሩትን ባልደረባዬ ተረጐመልኝ፤ «በጋው ሲጠና ይህ ምንጭ እንደሚከዳ ከልጅነታችን ጀምረን እናውቃለን። ከታች ያለው ግን አይነጥፍም» ነበር ያሉት። በስብሰባው ዕለት ለምን እንዳልተናገሩ ሳስጠይቃቸው፣ «በየትኛው አፍ?» ብለው መለሱልኝ። በኦሮምኛ «አፋን» ማለት አፍም ቋንቋም ነው።

አጠገባቸው የቆሙት ሌላዋ እናት ቤተሰባቸው ከወሎ የመጣ ነው። አማርኛ አፍ መፍቻቸው ሆኖ፣ የምንጩንም ጠባይ እያወቁ፣ እሳቸውም በዚያ ቀን አልተናገሩም። ምክንያታቸውን ስጠይቃቸው፣ «እኛ መጤ ነን፤ ስለ አገሬው ውኃ ምን ብለን እንናገራለን?» አሉኝ።

የምንጭ ፍሰት በበጋው ማብቂያ መለካት እንዳለበት ማንኛውም የሙያ ጓደኛዬ ያውቃል፤ ስለዚህ ጥፋቱ የእኔ ነው። ይሁን እንጂ የሁለቱ እናቶች መልስ ከልኬቱ ስሕተት የበለጠ አስተማረኝ። አንደኛዋን ዝም ያሰኛቸው ቋንቋ ነበር፤ ሁለተኛዋን ዝም ያሰኛቸው ደግሞ ከሌላ ቦታ መምጣት ነበር። በአንድ ወረፋ ላይ የቆሙት እነዚህ ሁለት ሰዎች አንድ ዕውቀት ነበራቸው፤ በአንድ ስብሰባ ግን አንዳቸውም አልተሰሙም። ፍትሕ የሚለው ቃል ለእኔ ከዚህ ይጀምራል።

ኪራሙ ከዓባይ ሸለቆ በስተደቡብ የሚገኝ፣ ኦሮሞዎችና አማሮች ተጐራብተው የኖሩበት አገር ነው። ከድርቁና ከረሃቡ ዘመን ወዲህ፣ በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ አንሥቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲያሰፍር ከተቀባዮቹ ክፍላተ ሀገር አንዱ ወለጋ ነበር። ሰፋሪው መሬቱን አልመረጠም፤ ተቀባዩም ፈቃዱን በወጉ አልተጠየቀም። ያ ጥያቄ ሳይነገር ከልጅ ወደ ልጅ ተላለፈ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በጊዳ ኪራሙ ወረዳ በደረሰው ጥቃትና በተከተለው የበቀል ግድያ ከ200 በላይ ሰዎች መሞታቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቋል። ብዙ ሕዝብም ከቀዬው ተፈናቀለ። ስብሰባ ብቻውን ይህን ያስቀረው ነበር አልልም፤ ገዳይን ለሕግ ማቅረብ የፍርድ ቤት ሥራ ነው። ነገር ግን ለሠላሳ ዓመት በአንድ ምንጭ እየቀዱ አንዱ የሌላውን አመጣጥ ሳያውቅ መኖር ለክፉ ወሬ በር መክፈት ነው።

እንዲህ ያለ ትምህርት ለወለጋ እንግዳ አይደለም። አናሲሞስ ነሲብ በሕፃንነቱ ተማርኮ የተሸጠ፣ በምጽዋ ነፃ ወጥቶ የተማረ ሰው ነበር። በባርነት ተወስዳ በኋላ ነፃ ከወጣችው ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ አዘጋጀ፤ መጽሐፍ ቅዱስንም በፊደል ወደ ኦሮምኛ መለሰ፤ ይህም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1899 ታተመ። በ1904 ነቀምቴ ገብቶ ማስተማር ጀመረ፤ በ1931 እስካረፈበትም ጊዜ ድረስ ከዚያው አካባቢ አልተለየም። የቋንቋው መጽሐፍ የተጻፈው እንግዲህ ከአገራቸው በግድ በተነቀሉ ሰዎች እጅ ነው። ኋላም በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአምስት ቋንቋዎች ተነሥቶ እስከ አሥራ አምስት ደረሰ። ዘመቻው ብዙ ሰው በገዛ ቋንቋው ፊደል እንዲቆጥር አድርጓል። የጐረቤትን ቋንቋ ማዳመጥ ግን የዘመቻው ዓላማ አልነበረም፤ ይህ ለእኛ የቀረ ሥራ ነው።

ለዚህ ሥራ የሚሆነው ዕቃ በእጃችን አለ። በአማርኛ ደቦ የምንለውን ኦሮሞውም «ዳቦ» ብሎ ያውቀዋል፤ ሁለቱም እርሻውን በዚሁ ሲያግዝ ኖሯል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የሰውን ልጅ እንደ ልጅ መቀበልን የሚጠራው ጉዲፈቻ ብሎ ነው፤ ቃሉ «ማሳደግ» ከሚለው የኦሮምኛ ግሥ የወጣ ነው። በኦሮሞ ባህል ከሌላ ቦታ የመጣን ወገን በሙሉ ወደ ጐሣ የሚያስገባ ሞጋሳ የሚባል ሥርዓትም አለ። ባለአገሩ መጤን ስለ መቀበል የተናገረው ይህን ያህል ጥንታዊ ቃል እያለ መጤው ሳይሰማው መኖሩ ያሳዝናል።

ስለዚህ የማኅበራችን አባላት በሚሠሩበት በማንኛውም የውኃ፣ የመንገድና የድልድይ ፕሮጀክት፣ ከመጀመሪያው ልኬት በፊት የመማማሪያ ቀናት እንዲኖሩ አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ንግግሩ በሁለቱም ቋንቋ ይሁን፤ ቃለ ጉባኤውም በሁለቱም ይጻፍና ጮክ ተብሎ ይነበብ። ሁለተኛ፣ ውኃ የሚቀዱት ሴቶች ከወንዶቹ አስቀድመው ይናገሩ። ሦስተኛ፣ አንዱ ቀን አመጣጥን ለመተረክ ይዋል፤ የመጣው እንዴት እንደ መጣ፣ የተቀበለው ምን እንደ ተሰማው ይናገር፤ ሌላው ወገን ሳያቋርጥ ያዳምጥ። አራተኛ፣ ጉባኤው በሥራ ይደምደም፤ ቦይ በደቦ ይቆፈር፣ የወረፋው ሥርዓት በጋራ ይወሰን። በሥራ ያልተደመደመ ምክር ከአዳራሹ በር አያልፍም።

ይህ ሰላም በሌለበት ቀን የማይቻል መሆኑን አውቃለሁ። ሰው ጠመንጃ እየፈራ የልቡን አይናገርም። ወጪ አለውም ይባል ይሆናል። የአስተርጓሚ አበልና የጥቂት ቀናት ውሎ ግን፣ በሚያዝያ ለሚደርቅ ማጠራቀሚያ ከሚፈሰው ሲሚንቶና ብረት እጅግ ያነሰ ነው። በየጥናታችን የአፈር ምርመራ ወጪ እንደሚያዝ ሁሉ፣ የማዳመጫ ወጪም እንዲያዝ ማኅበሩ ይወስን ዘንድ እጠይቃለሁ።

የታችኛውን ምንጭ በኋላ ሄጄ አየሁት። በሚያዝያ መጨረሻ እንኳ አልነጠፈም። የሚጠቁም ሰው አላጣሁም ነበር፤ ሁለቱም እናቶች በዚያ የመጀመሪያ ስብሰባ ላይ ከኋላ ተቀምጠው ነበር።