ነፃ መንገድ፣ ውድ አልጋ፦ በስዊዘርላንድ አልፕስ በትንሽ ገንዘብ ስለ መጓዝ

በጂኦግራፊ ትምህርት ክፍል የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በመጠኑ የታረመ



የንግግሬ ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሲለጠፍ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ይህ ጥናት ነው ወይስ የዕረፍት ወሬ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ነገሩ በዕረፍት መጀመሩን አልክድም። ይሁን እንጂ ከዚህ አዳራሽ ውስጥ አንዳንዶቻችሁ የትምህርት ዕድል አግኝታችሁ ወደ አውሮፓ መሄዳችሁ አይቀርም፤ ተራራውን በመስኮት እያያችሁ፣ ዋጋው አስፈርቷችሁ፣ ሳትረግጡት እንዳትመለሱ እሰጋለሁ። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት ያሳለፍሁት እንደዚያ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው አንድ ውድ አገር ለድሃ መንገደኛ በየት በኩል ክፍት እንደ ሆነ፣ በሩንም ማን እንደ ከፈተው ነው።

በበርን ከተማ የዶክትሬት ተማሪ ነበርሁ። ከዩኒቨርሲቲው ዋና ሕንፃ ፊት ለፊት ሰፊ ሰገነት አለ። ሰማዩ በጠራ ቀን ከዚያ ላይ ሆኖ ወደ ደቡብ የሚመለከት ሰው አይገር፣ ሞንኽ እና ዩንግፍራው የተባሉትን ሦስት ተራሮች በረዶ ተከናንበው፣ ጎን ለጎን ተሰልፈው ያያቸዋል። እኔም እንደ ማንኛውም አዲስ መጤ የመጀመሪያ ሐሳቤ ወደ ዩንግፍራውዮኽ በባቡር መውጣት ነበር። ጣቢያው ከባሕር ወለል በላይ 3,454 ሜትር ላይ ይገኛል። ከኢንተርላከን ተነሥቶ ለመመለስ የቅናሽ ካርድ የሌለው መንገደኛ ከ200 ፍራንክ በላይ እንደሚከፍል ስሰማ ሐሳቤን ተውሁት። ይህንኑ ለአከራዬ፣ ለአንዲት አዛውንት፣ ባወራላቸው ጊዜ ከት ብለው ሳቁና «የሚከፈለው እኮ ለባቡሩ ነው፤ ለተራራው ማን ይከፍላል?» አሉኝ።

እርሳቸው እንደ ቀልድ የተናገሩት ነገር የሕግ መሠረት እንዳለው የተረዳሁት ቆይቼ ነው። የስዊዘርላንድ የፍትሐ ብሔር ሕግ እ.ኤ.አ. በ1907 ጸደቀ፤ በሥራ ላይ የዋለውም ጃንዋሪ 1 ቀን 1912 ነው። ያረቀቁት ኦይገን ሁበር በዚያው በበርን ዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህር ነበሩ። አንቀጽ 699 የሚለው በአጭሩ እንዲህ ነው፦ የአካባቢው ልማድ በሚፈቅደው መጠን ማንኛውም ሰው ወደ ደንና ወደ ግጦሽ መሬት መግባት፣ የዱር እንጆሪውንና እንጉዳዩንም መልቀም ይችላል፤ የሚከለከለው ሥልጣን ያለው አካል ለአዝርዕትና ለተክል ጥበቃ ሲል ወሰን ባበጀበት ቦታ ብቻ ነው። ልብ በሉ፤ ሕጉ የሚናገረው ስለ መንግሥት መሬት ብቻ አይደለም። ደኑ የግል ቢሆንም፣ ግጦሹ የአንድ ገበሬ ቢሆንም መንገደኛው ያልፋል። ባለ መሬቱ ባለቤትነቱን አላጣም፤ ነገር ግን አላፊውን «ወዴት?» ብሎ የመመለስ መብት የለውም።

በዚያው ዓመት፣ ኦገስት 1 ቀን 1912፣ የዩንግፍራው ባቡር የመጨረሻው ጣቢያ ተመረቀ። አጋጣሚ ነው፤ ሁለቱን ያገናኛቸው ማንም የለም። ሆኖም እኔ ለተማሪዎቼ ስለ ተራራ ቱሪዝም ሳስተምር ይህን ዓመት ሳልጠቅስ አላልፍም። በሰባት ወር ልዩነት ወደ አንድ ተራራ ሁለት በሮች ተከፈቱ፤ አንዱ ገንዘብ ላለው፣ ሌላው ጉልበት ላለው።

የመግባት መብት ግን መንገድ አይሆንም። ገደል ፊት ቆሞ መብት ያለው ሰው ገደል ፊት እንደ ቆመ ይቀራል። መንገዱ የመጣው በሌላ ታሪክ ነው። ዮሐን ያኮብ ኤስ የተባሉ የዙሪክ መምህር ተማሪዎቻቸውን ይዘው በክላውዘን በኩል በእግር ሲጓዙ የመኪናው መብዛት መንገዱን ከእግረኛ እየነጠቀ መሆኑን አዩ። እ.ኤ.አ. በ1934 ከኦቶ ቢንደር ጋር ሆነው የእግር መንገዶችን የሚጠብቅ ማኅበር አቋቋሙ። ዛሬ አገሩን ሁሉ ያዳረሰው ቢጫ ምልክት የዚያ ሥራ ፍሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶበት የእግር መንገድ ጉዳይ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ገባ፤ ዝርዝር ሕጉ ደግሞ በ1985 ወጣ። ካንቶኖች መንገዶቹን በካርታ ላይ እንዲያሰፍሩ፣ እንዲጠግኑ፣ አንድ መንገድ በግንባታ ወይም በአስፋልት ምክንያት ከጠፋም ምትክ እንዲያበጁ ግዴታ አለባቸው። ጠቅላላ ርዝመቱ ከ65,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የመግቢያ ክፍያ የለበትም።

ምልክቶቹን ማንበብ ለኪስም ለሕይወትም ይጠቅማል። ቢጫው ለማንም የሚሆን ነው። ነጭ፣ ቀይ፣ ነጭ የተቀባው የተራራ መንገድ ነው፤ ጠንካራ ጫማና ከፍታ የማይፈራ ልብ ይፈልጋል። ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ከሆነ በረዶና ቋጥኝ አለበትና ልምድ ከሌላችሁ ተመለሱ። ሰሌዳው ኪሎ ሜትር አይነግራችሁም፤ ሰዓት ነው የሚነግራችሁ፤ ያውም ዕረፍት ሳይቆጠር። እንደ እኔ ያለ፣ በየመታጠፊያው ቆሞ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው አንድ ሦስተኛ ጨምሮ ያስብ።

ታዲያ ውድነቱ ከየት መጣ? ከአልጋው፣ ከማዕዱና ከኬብል መኪናው ነው። ከሦስቱ ብዙ የምቆየው በአልጋው ላይ ነው፤ የተራራው ማኅበራዊ ታሪክ በሙሉ የሚነበበው እዚያ ላይ ነውና።

የስዊስ የአልፕስ ክለብ እ.ኤ.አ. በ1863 በኦልተን የባቡር ጣቢያ ምግብ ቤት ውስጥ ተመሠረተ። ዛሬ 150 ያህል የተራራ ጎጆዎች አሉት። ጎጆ ስል ብዙዎቹ ደርዘን ሰዎች ጎን ለጎን የሚተኙባቸው የድንጋይ ወይም የእንጨት ቤቶች መሆናቸውን ተረዱልኝ። አባል ያልሆነ ሰው ከእራትና ከቁርስ ጋር ለአንድ ሌሊት በአመዛኙ ከ80 እስከ 100 ፍራንክ ይከፍላል። ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ይህ ብዙ ነው። ግን ዋጋውን ከመውቀሳችን በፊት ዱቄቱና ጋዙ በሄሊኮፕተር እንደሚወጣ እናስታውስ። አንድ ጊዜ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ባለ ጎጆ ለአንድ ተኩል ሊትር ውኃ ከ10 ፍራንክ በላይ ስጠየቅ ተቆጥቼ ነበር፤ በማግሥቱ ሄሊኮፕተሩ ጭነቱን ሲያራግፍ ባየሁ ጊዜ አፈርሁ። ከዚያ በኋላ ውኃዬን ከታች፣ ከመንደሩ ምንጭ ቀድቼ እወጣ ጀመር። «ለመጠጥ አይሆንም» የሚል ጽሑፍ ካልተለጠፈበት በቀር የመንደር ምንጭ ይጠጣል።

ክለቡ ግን ለሁሉም የተከፈተ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1907 ጀምሮ ሴቶችን አይቀበልም ነበር፤ ይህ የተለወጠው በ1970ዎቹ ማብቂያ ላይ ነው። ሠራተኛው መደብም ቢሆን እዚያ ቤት እንግዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1895 በቪየና የተፈጥሮ ወዳጆች የተሰኘው ማኅበር የተቋቋመው በዚህ ምክንያት ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ መምህር፣ አንዱ ብረት ሠራተኛ፣ አንዱ ተማሪ ነበሩ፤ ተማሪው ካርል ሬነር ኋላ የኦስትሪያ ፕሬዚዳንት ሆኗል። የሰላምታ ቃላቸው «ተራራው ነፃ ነው» የሚል ነበር። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚያርፍ ሰው የሚያድርበት፣ ምግቡን ራሱ የሚያበስልበት ርካሽ ቤት ሠሩ። እነዚያ ቤቶች በስዊዘርላንድም ዛሬ ድረስ አሉ፤ ዋጋቸውም ከሆቴሉ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ተማሪዎች ሆይ፣ ርካሽ አልጋ ስትፈልጉ የምታገኙት የመቶ ዓመት ትግል መሆኑን ሳታውቁ እንዳትተኙበት። (ሳቅ)

ስለ ድንኳን ደጋግመው ይጠይቁኛል። መላ አገሩን የሚገዛ አንድ ወጥ ሕግ የለም፤ ካንቶኑና ማዘጋጃ ቤቱ ይወስናሉ። ከዛፍ ወሰን በላይ አንድ ሌሊት በጸጥታ አድሮ ማለፍ በብዙ ቦታ በዝምታ ይታለፋል። በብሔራዊ ፓርኩ፣ በተፈጥሮ ጥብቅ ቦታዎችና በፌዴራል የአደን ክልከላ ቀበሌዎች ግን ፈጽሞ አይፈቀድም። የእኔ ምክር ከሸለቆው ውስጥ በታወቀ የድንኳን ሰፈር ማደር ነው። በእኔ ጊዜ ለአንድ ሰውና ለትንሽ ድንኳን 20 ፍራንክ ያህል እከፍል ነበር፤ ሙቅ ውኃም አለው።

አሁን ስሌቱን ላሳያችሁ። አንድ ሐምሌ ላይ ከማይሪንገን እስከ ካንደርሽቴግ በአራት ቀን ተጓዝሁ። ይህ ከቫዱዝ እስከ ሞንትሩ 14 በሮችን የሚያቋርጠው የቪያ አልፒና መንገድ አንድ ክፍል ነው። «በር» ያልሁት እኛ ጣርማ በር እንደምንለው፣ በሁለት ተራራ መካከል ያለውን መሻገሪያ ነው። በመጀመሪያው ቀን ግሮሰ ሻይዴግን ተሻግሬ ግሪንደልቫልድ አደርሁ። በሁለተኛው 2,061 ሜትር ከፍታ ባለው በክላይነ ሻይዴግ አልፌ ላውተርብሩነን ወረድሁ። የዩንግፍራው ባቡር የሚነሣው ከዚያው ከክላይነ ሻይዴግ ነው። ሰዎች ትኬታቸውን ይዘው ሲሰለፉ እኔ አጠገባቸው ባለ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ዳቦና ፎርማጆ በላሁ። የአይገር ግድግዳ ለሁላችንም እኩል ይታይ ነበር። ሦስተኛው ቀን ከሁሉ የከበደው ነው፤ 2,612 ሜትር ያለውን ዜፊነንፉርገን ወጥቼ ማምሻውን ግሪሳልፕ ስደርስ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። እዚያ በጋራ መኝታ ክፍል 40 ፍራንክ ከፍዬ ተኛሁ። በአራተኛው ቀን በ2,778 ሜትሩ ሆህቱርሊ በኩል ወደ ካንደርሽቴግ ወርጄ በባቡር ወደ በርን ተመለስሁ። የሁለት ሌሊት ድንኳን 40፣ መኝታው 40፣ የአራት ቀን ምግብ 60፣ በግማሽ ዋጋ ካርድ የተቆረጠው የባቡር ትኬት 40 ያህል። ካርዱን ራሱን ሳልቆጥር ጠቅላላው 180 ፍራንክ ሆነ፤ ባቡሩ በአንድ ቀን ከሚጠይቀው ያነሰ ማለት ነው።

ምግቡ 60 ፍራንክ ብቻ የሆነው በጥበብ አይደለም፤ በስሕተት ነው። ሁለተኛው ቀን እሑድ መሆኑን ዘንግቼ ነበር። በስዊዘርላንድ እሑድ ከትልልቅ የባቡር ጣቢያዎችና ከአንዳንድ የቱሪስት መንደሮች በቀር ሱቅ ይዘጋል። ስንቄ አለቀ። ያዳነኝ እናቴ የላከችልኝ በሶ ነው። በሶ እሳት አይፈልግ፣ ድስት አይፈልግ፤ በምንጭ ውኃ በጥብጦ መጠጣት ነው። በምድጃና በጋዝ ጣሳ የተሸከሙትን መንገደኞች እያየሁ አያቶቻችን ስለ ስንቅ የሚያውቁትን ነገር ማንም በሚገባ እንዳልጻፈው አሰብሁ። ከተማሪዎቻችን አንዱ የመመረቂያ ርእስ ቢያደርገው ደስ ይለኛል።

የማይቆጠብባቸው ነገሮችም አሉ፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። ጫማ ላይ አትቆጥቡ። ከሰዓት በኋላ መብረቅ ስለሚበዛ ማልዳችሁ ተነሡ፤ እርሱ በነፃ ነው። ካርታም እንደዚሁ፤ የመንግሥት ካርታ ሥራ ድርጅት መረጃውን እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በነፃ ለቋል። ጥጃ ያላት ላም በግጦሽ ላይ ካያችሁ ዙሩ፤ ያለፋችሁበትን የአጥር በርም ዝጉ። የአየር ማዳን አገልግሎቱ ሬጋ በ1414 ይጠራል፤ ለአንድ በረራ ብዙ ሺህ ፍራንክ ሊጠየቅ ይችላል። በዓመት 40 ፍራንክ የሚያዋጡ ደጋፊዎቹን ግን፣ መድን የማይሸፍነውን ወጪ ሊተውላቸው ይችላል። እኔ ይህን 40 ፍራንክ ለመቆጠብ ስል አንድ ዓመት ሳልከፍል ወጥቻለሁ። ምንም አልሆንሁም፤ ሞኝነቴን ግን አልረሳውም።

ብዙዎቻችሁ በልባችሁ ስሜንን እያነጻጸራችሁ እንደ ሆነ እገምታለሁ። ስሌቱ የተገላቢጦሽ ነው። በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መንገደኛው ለመግባት ይከፍላል፣ ጠባቂ ስካውት ይቀጥራል፤ አልጋውና ምግቡ ርካሽ ነው። በአልፕስ መግባቱ ነፃ፣ ማደሩ ውድ ነው። የእነርሱን አንቀጽ 699 ቀድተን እናምጣ የሚል ሰው ቢኖር አልስማማም። በስሜን የሚከፈለው ገንዘብ ለስካውቱ ቤተሰብ እንጀራ ነው፤ መንገዱ ነፃ ቢሆን በነፃነቱ የሚጎዳው ማን እንደ ሆነ መጀመሪያ መጠየቅ አለበት። የአልፕሱ ገበሬ ግጦሹን ለአላፊ አግዳሚ የሚከፍተው መንግሥት በድጎማ እየደገፈው ነው። ነፃ መንገድ የሆነ ቦታ ላይ ከፋይ አለው።

የመጨረሻውን ጉዞዬን ነግሬአችሁ ልጨርስ። ጥቅምት ላይ ነበር፤ የጎጆዎቹ ጠባቂዎች ወደ ሸለቆ ወርደዋል። በዚህ ጊዜ ጎጆው ቢዘጋም «የክረምት ክፍል» የሚባል አንድ ክፍል ሳይቆለፍ ይተዋሉ። ማምሻውን ደርሼ በሩን ገፋሁት፤ ተከፈተ። ምድጃ፣ የተቆለለ እንጨት፣ ብርድ ልብስ፣ መዝገብና ግድግዳ ላይ የተገጠመ የብረት ሣጥን አገኘሁ። የሌሊቱ ዋጋ ተጽፏል፤ የሚቆጣጠር ሰው የለም። ስሜን፣ የመጣሁበትን አገርና የምሄድበትን መንገድ በመዝገቡ ላይ ጻፍሁ። ከእኔ በፊት ያደረው ሰው ከሦስት ቀን በፊት ነበር ያለፈው፤ ለእኔ የሚሆን እንጨት ፈልጦ ከምድጃው አጠገብ ትቶልኛል። በማግሥቱ ገንዘቡን ከሣጥኑ ጨምሬ፣ ወለሉን ጠርጌ፣ የተጠቀምሁትን ያህል እንጨት ፈልጬ በሩን መለስሁና ወረድሁ።