ከኢስቲኻራ በፊት እንጠይቅ
(ሁለት የትምህርት ዕድል ለገጠማቸው ልጆቻችንና ለወላጆቻቸው በሬዲዮ የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።



ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ቀድሞ በአካባቢያችን እምብዛም የማይነሳ ነበር። ቤተሰቦች ወደ እኛ ሲመጡ የሚጠይቁን «ልጃችን ትምህርቱን ይቀጥል ወይስ ንግድ ይግባ?» ብለው ነበር። አሁን ግን አልሐምዱሊላህ በሜዲካል ላቦራቶሪ፣ በፋርማሲ፣ በባዮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን የጨረሱ ልጆች ለማስተርስ ወይም ለዶክትሬት ሁለት ሦስት የመቀበያ ደብዳቤ ይዘው ይመጣሉ። አንዱ ደብዳቤ ከአዲስ አበባ ነው፤ ሌላው ከሐረር፤ ሌላው ከቱርክ ወይም ከአሜሪካ። «ኡስታዝ፣ የትኛውን ልያዝ?» ይሉናል። ብዙዎቹም አስከትለው «ኢስቲኻራ ሰግጄ ነበር፤ ግን ምንም ሕልም አላየሁም» ይላሉ።

ውድ አድማጮቻችን፣ የእኛ መልስ የዩኒቨርሲቲ ስም መጥራት አይደለም። ኢስቲኻራ ትልቅ ኒዕማ ነው። ነገር ግን ከመጠየቅና ከማጣራት አያሳርፍም። መጠየቅ ያለበትን ሳይጠይቅ ኢስቲኻራ የሚሰግድ ሰው፣ ግመሉን ሳያስር «ተወኩል አድርጌያለሁ» እንደሚል ሰው ነው። ታዲያ ምኑን እንጠይቅ? ለዚህ የሚሆን ትልቅ ትምህርት በአንዲት ሶሐቢያ ታሪክ ውስጥ እናገኛለን።

ፋጢማ ቢንት ቀይስና ሁለቱ ጥያቄዎች

ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ እንደምናገኘው ፋጢማ ቢንት ቀይስ (ረ.ዐ) ከተፈታች በኋላ ዒዳዋ ሲያበቃ ሁለት ሰዎች ለጋብቻ ጠየቋት። አንዱ ሙዓውያ፣ ሌላው አቡ ጀህም ነበሩ። እርሷም ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሄዳ አማከረች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ሙዓውያ ገንዘብ የሌለው ድሃ መሆኑን ነገሯት። ስለ አቡ ጀህም ደግሞ በትሩን ከትከሻው የማያወርድ መሆኑን ገለጹላት። ከዚያም ያላሰበችውን ሦስተኛ ሰው፣ ኡሳማ ኢብኑ ዘይድን (ረ.ዐ) አመላከቷት። መጀመሪያ አልወደደችውም ነበር። በኋላ ግን ታዝዛ አገባችው፤ አላህም በእርሱ ኸይር አደረገላት።

ይህን ሐዲስ የምናውቀው በኒካሕ ምዕራፍ ነው። ሆኖም ሁለት ዕድል ቀርቦለት ለሚጨነቅ ሰው ሁሉ ትምህርት አለው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የተናገሩት ስለ ዘርና ስለ ዝና አልነበረም። ስለ ኪስ፣ በእጅ ሥር ያለን ሰው ስለ መያዝና ስለ ሦስተኛ መንገድ ነበር። እኛም በዚሁ ቅደም ተከተል እንሂድ።

አንደኛ፤ ስለ ኪስ

በመጀመሪያ ቤተሰብ ሊያውቀው የሚገባው ነገር አለ። የመቀበያ ደብዳቤ ሌላ ነው፤ ወጪን የሚሸፍን ደብዳቤ ሌላ ነው። በአሜሪካ በባዮሜዲካል ሳይንስ ዶክትሬት የሚቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች በአብዛኛው የትምህርቱን ክፍያ ሸፍነው ለተማሪው የወር መተዳደሪያ ይሰጣሉ። ለማስተርስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ተማሪው ራሱ ይከፍላል። ስለዚህ ስሙ የገነነ ዩኒቨርሲቲ «ተቀብለንሃል» ስላለ ብቻ ድንኳን መጣል አያስፈልግም። «የሚከፍለው ማነው? ለስንት ዓመት? ከዚያ በኋላስ?» ተብሎ ይጠየቅ።

የቱርክ መንግሥት የሚሰጠው የትምህርት ዕድል ክፍያን፣ መኝታን፣ የወር መተዳደሪያንና የአውሮፕላን ትኬትን ይሸፍናል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ቋንቋውን ለማያውቅ ተማሪ ከፊቱ አንድ የቋንቋ ዓመት አለ። ሁለት ዓመት የተባለው ማስተርስ ሦስት ዓመት ይሆናል ማለት ነው። እናት ይህን አስቀድማ ብታውቅ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ በር በሩን እያየች አትቸገርም።

በሀገራችን ደግሞ ብዙዎች የሚማሩት የሚሠሩበት ሆስፒታል ወይም ኮሌጅ ስፖንሰር ሆኗቸው ነው። በዚህ ጊዜ ተማሪው ሲጨርስ ተመልሶ የሚያገለግልበት ውል ይፈርማል። ውል መሙላት በቁርኣን የታዘዘ ነው፤ ሱረቱል ማኢዳ የምትጀምረው በዚሁ ትዕዛዝ ነው። ያላነበቡትን ውል ፈርሞ ኋላ መጥፋት ከሙእሚን የሚጠበቅ አይደለም።

የጎደለውን ለመሙላት አንዳንዱ በወለድ ለመበደር፣ አንዳንዱ የጫት መሬቱን ለመሸጥ ያስባል። ሪባ የተከለከለ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። መሬቱን በተመለከተ ግን አባት ራሱን ይጠይቅ። ከዚያ መሬት የሚበላው የሚሄደው ልጅ ብቻ ነው ወይስ ታናናሾቹም ጭምር? የእህቶቹ ሐቅ፣ የየቲሞች ድርሻ አለበት? ለአንዱ ልጅ ዲግሪ የሌሎቹን ጉሮሮ መዝጋት ዒልምን መውደድ አይደለም።

ሁለተኛ፤ በትሩን ስለ ያዘው እጅ

የአባቶቻችንን የቂርኣት ልማድ እናስታውስ። ደረሳ ስንቁን ይዞ ከቤቱ ሲወጣ የሚጠይቀው «መስጊዱ ትልቅ ነው ወይ?» ብሎ አልነበረም። «ነሕው ማን ጋር ይቀራል? ፊቅህ ማን ጋር ይቀራል?» ብሎ ነበር። ደረሳ ሸይኽ ይመርጥ ነበር እንጂ ሕንፃ አይመርጥም ነበር። እኛ የምንከተለው መዝሀብ ባለቤት ኢማም ሻፊዒይም (ረሒመሁላህ) ከመካ ወደ መዲና የሄዱት ኢማም ማሊክን ብለው ነው። ወደ ዒራቅ ሲሄዱም ከሙሐመድ ኢብኑል ሐሰን ተምረዋል። ከተሞቹ ታላቅ ስለሆኑ ብቻ አልነበረም።

የላቦራቶሪ ትምህርትም ልክ እንደዚሁ ነው። በድህረ ምረቃ ተማሪው ውሎውና አዳሩ ከአንድ አማካሪ መምህር ጋር ነው። መምህሩ መንገድ ያሳየዋል ወይም ዓመት ያስበላዋል። ስለዚህ ልጆቻችን ደብዳቤውን ይዘው እነዚህን ይጠይቁ። ይህ መምህር እስከ ዛሬ ስንት ተማሪ አስመረቀ? በስንት ዓመት ጨረሱ? ምርምሩ የሚፈልገውን ኬሚካል የሚገዛው ማነው? መሣሪያው ይሠራል ወይስ ተሸፍኖ የተቀመጠ ነው? ተማሪው የሠራው ሥራ ሲታተም ስሙ ይገባል? ተማሪ ሲታመም ወይም ቤተሰቡ ሲቸገር መምህሩ እንዴት ይሆናል? በአሜሪካ ብዙ የዶክትሬት ትምህርት ቤቶች ተማሪው በመጀመሪያው ዓመት በሁለት ሦስት ላቦራቶሪዎች ተዘዋውሮ ከሠራ በኋላ መምህሩን እንዲመርጥ የሚያደርጉት ይህ ምርጫ ከባድ መሆኑን ስለሚያውቁ ነው።

ይህን የሚያውቀው ዩኒቨርሲቲው የሚያሳትመው ወረቀት አይደለም፤ ከዚያ ሰው ሥር ተምረው የወጡ ናቸው። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ሰው ተፈልጎ ይጠየቅ። አንዳንድ ደግ ልጆች «ይህ ጊባ አይሆንብኝም ወይ?» ይላሉ። ኢማም ነወዊ (ረሒመሁላህ) ሰውን በስውር ማንሳት ከሚፈቀድባቸው ጉዳዮች አንዱ ምክር መሆኑን አስቀምጠዋል፤ ማስረጃቸውም ይኸው የፋጢማ ቢንት ቀይስ ሐዲስ ነው። የተጠየቀውም ሰው አማና አለበት። ያላየውን ሳይጨምር፣ ያየውን ሳይደብቅ፣ በሚያስፈልገው ልክ ይናገር።

ሦስተኛ፤ ያላሰብነው መንገድ

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፋጢማን ከሁለቱ አንዱን እንድትመርጥ አላስገደዷትም። እኛም አንዳንዴ ሁለት ደብዳቤ ላይ ብቻ ተተክለን በቅርብ ያለውን አናይም። አንዱ መንገድ ዕድሉ ወደሚቀጥለው ዓመት እንዲዛወር በጽሑፍ መጠየቅ ነው። ሌላው እዚሁ ማስተርስ ሠርቶ ለዶክትሬት ወደ ውጭ መሄድ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ተቋም አለ። እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋምም አለ። በሐረር ደግሞ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ አለ።

በተለይ ሴት ልጆቻችንን በተመለከተ እንናገር። የሴት ልጅን ጉዞ አስመልክቶ ዑለማዎች ያስቀመጧቸው ዝርዝር ጉዳዮች አሉ፤ ቤተሰብ በአቅራቢያው ያሉትን ዑለማዎች ይጠይቅ። ሆኖም ሩቁ አልሆነም ተብሎ ቅርቡም አብሮ ሊዘጋባት አይገባም። ከጭሮ ተነስቶ ሐረር በአንድ ቀን ይደረሳል። አክስት ወይም አጎት ያለበት ከተማ ይፈለግ። እናቶቻችን ሲወልዱም ሲታመሙም ሴት ባለሙያ እንዲያገኙ እየተመኘን የልጃችንን ደብዳቤ ሳጥን ውስጥ የምንቆልፍ ከሆነ ምኞታችን ከምላስ አላለፈም።

የሚማረው ለማን ነው?

ከዚህ ሁሉ በላይ ኒያ አለ። ኢማም ገዛሊ (ረሒመሁላህ) በኢሕያእ ኪታባቸው ሕክምናን ከፈርድ ኪፋያ ቆጥረውታል። ሰዎች ሁሉ ወደ ፊቅህ እየተሻሙ ከተሞች ሙስሊም ሐኪም ማጣታቸውንም ወቅሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1288 ያረፉት ኢብኑ ነፊስ ደግሞ በካይሮ የሻፊዒይ ፊቅህ ያስተምሩ ነበር። ደም ከልብ ቀኝ ክፍል ወጥቶ በሳንባ በኩል ወደ ግራው እንደሚያልፍ የገለጹትም እኚሁ ሰው ናቸው። ኪታቡና ሕክምናው በአንድ ሰው ደረት ውስጥ አልተጣሉም።

ወደ ሀገራችን እንምጣ። ዶክተር አክሊሉ ለማ አሜሪካ ተምረው ከተመለሱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣው ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፍ ነው። ያ ዕይታ የዕድሜ ልክ ምርምር ሆነ። በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙበት። እንዶድን እናቶቻችን ሁሉ ያውቁት ነበር። የተማረ ዓይን ይዞ የተመለሰ ሰው ግን ያስፈልግ ነበር።

ከጓሯችን ያለው ጫትም እንዲሁ ነው። ካቲኖን የሚባለው ዋናው አነቃቂ ንጥረ ነገር እ.ኤ.አ. በ1975 ተለይቶ የታወቀው በተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ነው። ተክሉ የእኛ፣ ጉዳቱም የእኛ ነበር፤ ጥያቄውን የጠየቀው ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በሀገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በቀብሪደሃር የተገኘችው፣ በከተማ በርሜልና በውኃ ማጠራቀሚያ የምትራባው የወባ ትንኝ በ2022 ድሬዳዋ ላይ ወረርሽኝ አስነስታለች። ያንን ወረርሽኝ ከመረመሩት መካከል የሀገራችን ተመራማሪዎች ነበሩ። ድሬዳዋ ለእኛ ጎረቤት ናት፤ ሚኤሶም በባቡሩ መስመር ላይ ነች።

ስለዚህ ልጆቻችን «የትኛው ዕድል ለወገኔ የሚጠቅም ጥያቄ እንድጠይቅ ያስተምረኛል?» ብለው ይመዝኑ። ይህ ማለት ወደ ውጭ አትሂዱ ማለት አይደለም። አንዳንዱ ዕውቀት በእርግጥ የሚገኘው ሩቅ ነው። ወላጆችም ልጃችን ውጭ ሄደ ለመባል ብቻ እጁን አትጎትቱት።

አሁን ኢስቲኻራ

ይህ ሁሉ ከተጠየቀ በኋላ ልብ ወደ አንዱ ያዘነብላል። የኢስቲኻራ ጊዜው ይህ ነው። ጃቢር (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኢስቲኻራን ያስተማሩት አንድን ነገር ላሰበ ሰው ነው። ከፈርድ ውጭ ሁለት ረከዓ ይሰገዳል፤ ከዚያም ዱዓው ይደረጋል። የዱዓው መልእክት ነገሩ ለዲኔ፣ ለኑሮዬና ለመጨረሻዬ መልካም ከሆነ አግራልኝ፤ ካልሆነ ከእኔ አርቀው፤ መልካሙንም ካለበት ወስነህ ልቤን አስወድደው የሚል ነው። በሐዲሱ ውስጥ ስለ ሕልም የተነገረ ነገር የለም። ሕልም እየጠበቀ የመልስ ቀን ያለፈበት ልጅ ሱናውን ተከተለ አይባልም። ኢማም ነወዊም ከኢስቲኻራ በፊት በዲኑና በልምዱ የሚታመንን ሰው ማማከር ተወዳጅ መሆኑን ጽፈዋል።

ቃል ከተሰጠ በኋላ

በመጨረሻ አንድ አደራ አለን። አንዳንዱ ተማሪ ለሁለቱም «እመጣለሁ» ብሎ ይጽፍና ትኬቱ እስኪቆረጥ አንዱን በተስፋ ያቆየዋል። ይህ ቃልን ማፍረስ ነው። ያ ሳይሞላ የቀረው ቦታ ምናልባት የሌላ ድሃ ልጅ ሪዝቅ መግቢያ ይሆን ነበር። ለማሰብ ጊዜ መውሰድ ነውር የለውም። ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለመጪው መስከረም የገንዘብ ድጋፍ ላቀረቡለት ተማሪ እስከ ኤፕሪል 15፣ ማለትም እስከ ሚያዝያ 7 ድረስ ጊዜ ለመስጠት ተስማምተዋል። ሌላውም ቢሆን በትሕትና «ጥቂት ቀን ይጨመርልኝ» ተብሎ ይጠየቃል። ከተወሰነ በኋላ ግን ለቀረው በዚያው ሳምንት ምስጋናና ይቅርታ ይጻፍለት። ከዚያም ወደ ኋላ ማየት አያስፈልግም፤ ቁርኣን ከመመካከር ቀጥሎ ቁርጥ ውሳኔንና በአላህ መመካትን ያስተምረናልና።

አላህ (ሱ.ወ) ልጆቻችንን ጠቃሚ ዕውቀት ይስጣቸው። የሄዱትን በሰላም ይመልስልን፤ ቅርብ የሚማሩትን በቅርብ ይባርክልን። የወላጆችን ልፋት ፍሬ ያሳይልን፤ ሕሙማኖቻችንን ሺፋእ ያድርግልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።