በጉባኤ መካከል ሰው ሲወድቅ፦ ራስን ስለ መሳትና ወደ ሕክምና ስለ መሄድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በስቅለት ዕለት በየአጥቢያው የምናየውን በማስታወስ ልጀምር። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ምእመናን እህል ውኃ ሳይቀምሱ ሲሰግዱ ይውላሉ። ፀሐዩ ይበረታል፤ ሕዝቡ ይጨናነቃል። ከቀትር በኋላ አንዲት እናት ፊቷ ይገረጣል፤ ላብ ያጠምቃታል፤ ዓይኗ ይጨልምና ትወድቃለች። አንዱ ብብቷን ይዞ ያቆማታል፤ ሌላው በአፏ ውኃ ያንቆረቁራል፤ የቀረው ይከባታል። ሁሉም ይህን የሚያደርጉት በፍቅር ነው፤ ነገር ግን አንዱም አይጠቅማትም።

ራስን መሳት ወደ አንጎል የሚደርሰው ደም ለጥቂት ጊዜ ሲያንስ የሚመጣ ነው። ሰው ለረጅም ሰዓት ሲቆም ደሙ ወደ እግሩ ይወርዳል፤ ሙቀት፣ የውኃ ጥምና ድንጋጤ ደግሞ ያባብሱታል። ሲተኛ ደሙ ወደ አንጎል ይመለሳል። ስለዚህ የወደቀን ሰው ማቆም መዳኛውን መከልከል ነው።

እንግዲህ በጀርባዋ አስተኝታችሁ እግሯን ከፍ አድርጉ፤ መቀነቷን አላሉላት፤ ሕዝቡም ገለል ይበል። ካስመለሳት ወደ ጎኗ አዙሯት፤ የገፋች ነፍሰ ጡር ከሆነች በግራ ጎኗ ትተኛ። ፈጽማ ሳትነቃ ውኃም ሆነ ጸበል በአፏ አይግባ፤ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላልና። ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ደቂቃ ውስጥ ትነቃለች፤ ከዚያም ቀስ ብላ ትቀመጥ እንጂ ወዲያው አትነሣ። መተንፈስ ካቆመች ግን የደረቷን መካከል በሁለት እጅ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ጠንከር አድርጋችሁ እየተጫናችሁ እርዳታ አስጠሩ።

የሚጥል በሽታ ከዚህ ይለያል። የሚንቀጠቀጠውን ሰው አትጨብጡት፤ ክብሪት አታሽትቱት፤ በጥርሱ መካከልም ምንም አታስገቡ። ከራሱ በታች ነጠላ አድርጉለት፤ ሲረጋጋ በጎኑ አስተኙት። በሽታው በመንካት አይተላለፍም።

ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ሳይዘገዩ መውሰድ የሚገባው መቼ ነው? በሁለት ደቂቃ ውስጥ ካልነቃ፤ ከመውደቁ በፊት ደረቱን ካመመው ወይም ልቡ በኃይል ከመታ፤ በሥራ ወይም በሩጫ ላይ ሳለ ከወደቀ፤ ራሱን ከተመታ፤ አንደበቱ ከተሳሰረ ወይም አንድ ወገኑ ከሰነፈ፤ ከደማ፤ ነፍሰ ጡር፣ የስኳር ወይም የልብ ሕመምተኛ ከሆነ፤ መንቀጥቀጡ የመጀመሪያው ከሆነ ወይም ከ5 ደቂቃ ካለፈ። ወባ በሚበዛባቸው የአካባቢያችን ቆላዎች ትኩሳት ያለበት ሰው ራሱን ቢስት ለነገ የሚባል አይደለም። ደጋግሞ የሚወድቅም፣ ቶሎ ቢነቃም እንኳ፣ ይመርመር።

አባቶቼ፣ የወደቀ ሁሉ መንፈስ ያደረበት ተደርጎ ሲታይ የልብና የስኳር ሕመም ሳይታወቅ ይቆያል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ ማስተማራቸው ይታወሳል። ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች ናቸው፤ ጸሎት የሚደረግለት ሰው ሐኪም ዘንድ ከመሄድ አይከለከልም። የንስሐ አባቶችም የስኳር ሕመምተኛ፣ ነፍሰ ጡርና አቅመ ደካማ ልጆቻችሁን ከጾሙ በፊት ጠይቁ፤ ቤተ ክርስቲያናችን ሕሙማንን ከአቅማቸው በላይ አታስጾምም።

ከእያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ የምለምነው ጥቂት ነው፦ ለደካሞች ጥላና መቀመጫ፣ በዕቃ ቤቱ አንድ ቃሬዛ፣ የወደቀን ማንሣት የሠለጠኑ ሁለት ወጣቶች፣ እንዲሁም የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያና የወረዳው አምቡላንስ ስልክ ቁጥር በግድግዳው ላይ ተጽፎ ይገኝ። እነዚህ ብዙ ወጪ አይጠይቁም፤ የአንዲትን እናት ሕይወት ግን ሊያተርፉ ይችላሉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።