ተሻጋሪ ወፎች፣ የጅማ ጨፌና የመሐንዲሱ ድርሻ



ስለ ተሻጋሪ የባሕር ዳርቻ ወፎች ሲነገር አሳብ ወደ ምጽዋና ወደ አሰብ ይሄዳል። ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም። ወፎቹ ግን መምጣታቸውን አላቋረጡም፤ ብዙዎቹ የሚሹት ጨው ባሕሩን ሳይሆን ጥልቀት የሌለው ውኃና ለስላሳ ጭቃ ነውና። በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች ይህ የሚገኘው በጨፌው ነው፤ ከከተማዋ አጠገብ ያለው የቦዬ ረግረግ ጉልህ ምሳሌ ነው።

በእንግሊዝኛ ዉድ ሳንድፓይፐር የሚባለው ወፍ ከ50 እስከ 80 ግራም ብቻ የሚመዝን ሲሆን፣ የሚፈለፈለው ከስካንዲናቪያ እስከ ሳይቤሪያ በተዘረጉት ረግረጎች ነው። ራፍ የተባለውም የዚያው የሰሜን አገር ወፍ ነው። ሁለቱም ብርዱን ሸሽተው በመስከረም ግድም ወደ ኢትዮጵያ ይገባሉ፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ደግሞ ለመልስ ጉዞ ስብ ያከማቻሉ። በዚያ ወራት ማለዳ ፀሐይን ከኋላው አድርጎ በመነጽር የሚመለከት ሰው፣ ጭቃውን ያለ ፋታ ሲወጉ ያያቸዋል። ስንቁን ያልያዘ ወፍ በረሃውን ሊሻገር አይችልም።

ነገሩ መሐንዲሱን በሁለት በኩል ይመለከተዋል። አንደኛው የውኃ ከፍታ ነው። ወፎቹ የሚመገቡት ጥልቀቱ ከእግራቸው በማይበልጥ ውኃ፣ ይኸውም በጥቂት ሳንቲሜትር ውስጥ ነው። በረግረግ ላይ ለሚያልፍ መንገድ የሚቀበረው ቱቦ ከተፈጥሮው ወለል ዝቅ ካለ ጨፌው ይጠነፈፋል፤ ከፍ ካለ ደግሞ ከመንገዱ በላይ ያለው ይጥለቀለቃል። ሁለተኛው የቡና ማጠቢያ ፍሳሽ ነው። እሸት ቡና ተፈልፍሎ የታጠበበት ውኃ ሳይጣራ ወንዝ ሲገባ ኦክስጅኑን ያሟጥጣል፤ ወፎቹ የሚለቅሙትን እጭና ትል ይፈጃል። አጠባው ዝናቡ ካባራ በኋላ ወንዙ እየጎደለ በሚሄድበት ጊዜ መሆኑ ጉዳቱን ያብሰዋል።

ጨፌውን ለእርሻ፣ ለባሕር ዛፍና ለጡብ ጭቃ የሚያውለው ሰው ችግር አስገድዶት እንደሆነ አይካድም። ይሁን እንጂ ያው ጨፌ ጎርፍ የሚያበርድ፣ ደለል የሚያስቀር፣ በበጋ ለከብት ሣር የሚሰጥ ነው። ስለዚህ የሚጠየቀው ሥራ ይቁም አይደለም። የሚጠየቀው የቱቦው ወለል በክረምትም በበጋም ከተለካ በኋላ እንዲወሰን፣ የማጠቢያው ፍሳሽም በማጥለያ ጉድጓድ ሳያልፍ ወንዝ እንዳይገባ ነው። ይህ በዕለት ሥራችሁ ውስጥ ያለ፣ ከቀያሹ ደብተርና ከንድፉ ወረቀት የማያልፍ ኃላፊነት ነው።