የመረጃ ቋትንና የማከማቻን ጥበቃ ለማሽን ስለ መስጠት



በዚህ ርእስ የሚናገር ሰው አውቶሜሽን ወጪ ይቀንሳል፣ ሥራ ያፋጥናል እንዲል ይጠበቅበታል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አልከራከርባቸውም። እኔ ግን የምናገረው ስለ ሌላ ጥቅም ነው፤ ሰው ሲደክም ወይም ሲዘናጋ ስለሚቀር ሥራ።

ከዓመታት በፊት በአንድ ድርጅት የመረጃ ቋት አስተዳዳሪ ነበርሁ። የወሩ ደመወዝ በሚሰላበት ሌሊት ሲስተሙ ቆመ። ምክንያቱ ተራ ነበር፤ የለውጥ መዝገቦች የሚጠራቀሙበት ዲስክ ሞልቷል። እንዲህ ያለው የመረጃ ቋት መዝገቡን የሚያኖርበት ስፍራ ሲያጣ አዲስ ለውጥ አይቀበልም፤ መረጃ ከሚጠፋ ሥራ ቢቆም ይሻላል ተብሎ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ያን ዲስክ በየማክሰኞው ማጽዳት የእኔ ድርሻ ነበር። በዚያ ሳምንት ማክሰኞ በዓል ዋለ፤ ረቡዕ ሌላ ጉዳይ ያዘኝ። ደመወዙ ሁለት ቀን ዘገየ። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ የቤት ኪራይዋን ከጎረቤት ተበድራ እንደ ከፈለች የሰማሁት ከወራት በኋላ ነው።

ያ ሥራ ለማሽን ሊሰጥ ይችል ነበር። ዲስኩ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ፣ አሮጌው መዝገብ በሌላ ስፍራ መቀመጡ ተረጋግጦ ይነሣል፤ ካልበቃም ስፍራ ይጨመራል። ማሽን በዓል የለውም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ተጠቃሚው መረጃው በማሽኑ ውስጥ እንዴት እንደ ተደራጀ ማወቅ እንዳይኖርበት ጠይቆ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጣው ሁሉ የዚያው ጉዞ ቅጣይ ነው ብል አላጋነንሁም። በፖስትግሬስኪውኤል ውስጥ የተሰረዘ ረድፍ ወዲያው አይወገድም፤ ጽዳት ያስፈልገዋል። ጽዳቱ ለረጅም ጊዜ ከተዘነጋ የግብይት ቁጥሮቹ ሁለት ቢሊዮን ገደማ ሲደርሱ ቋቱ አዲስ ጽሑፍ መቀበሉን ያቆማል። ይህ ጽዳት እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣው 8.3 እትም ጀምሮ ማንም ሳያዝዘው በራሱ ይሠራል። ስንት አስተዳዳሪ በሰላም እንዳስተኛ የሚቆጥር የለም።

ነገር ግን ማሽኑን አምኖ ዞር ማለትም አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 በጊትላብ የሆነውን ድርጅቱ ራሱ በዝርዝር አሳትሞታል። አንድ መሐንዲስ፣ መሽቶበት ሳለ፣ በሁለተኛው ሰርቨር ላይ የሚሠራ መስሎት የዋናውን ሰርቨር መረጃ ማጥፋት ጀመረ። ስህተቱን አውቆ ሲያቆመው ከ300 ጊጋባይት ገደማ 4.5 ጊጋባይት ብቻ ቀርቶ ነበር። ወደ መጠባበቂያ ቅጂዎቹ ዞሩ፤ ቅጂዎቹ መቀመጥ የነበረባቸው ስፍራ ባዶ ነበር። ቅጂ የሚያወጣው ፕሮግራም የ9.2 እትም፣ የመረጃ ቋቱ ደግሞ 9.6 ስለ ነበረ ሥራው ዘወትር ይከሽፍ ነበር። ክሽፈቱን የሚያሳውቁት ኢሜይሎችም የላኪ ማረጋገጫ ስላልነበራቸው ተቀባዩ ሰርቨር ይመልሳቸው ነበር። ያዳናቸው አንድ ባለሙያ ከስድስት ሰዓት ገደማ በፊት ለሌላ ሥራ በእጁ ያነሣው ቅጂ ነው፤ የእነዚያ ሰዓታት መረጃ ግን ቀረ።

ልብ በሉ፤ ቅጂ የማውጣቱ ሥራ አውቶማቲክ ነበር። በራሱ የማይሠራው ማረጋገጡ ነበር። ስለዚህ ቅጂ መኖሩን ሳይሆን ቅጂው ተመልሶ መነሣቱን በየቀኑ የሚፈትን ሥርዓት ያስፈልጋል፤ ይህን ደግሞ ሰው በየቀኑ አያደርገውም፤ አሰልቺ ነውና። ለእኔ ከአውቶሜሽን ጥቅሞች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው።

ተማሪዎች «እንጀራችንን አይወስድብንም ወይ?» ብለው ይጠይቁኛል። ዲስክ በማጽዳት ብቻ የሚኖር ሰው ካለ፣ አዎን፣ ይወስድበታል። የሚጠፋውንና የሚቆየውን መወሰን ግን ለማሽን አልሰጥም፤ የተሳሳተ የማጥፋት ትዕዛዝ ከዋናው ወደ ተከታዩ ሰርቨር የሚደርሰው ሰው ሻዩን ሳይጨርስ ነውና።

ለሚቀጥለው ሳምንት የምሰጣችሁ ሥራ አጭር ነው። የትናንቱን ቅጂ ወስዳችሁ በሌላ ማሽን ላይ አንሡት፤ ረድፎቹን ቁጠሩ፤ ከዋናው ጋር አስተያዩ፤ ከዚያ ይህንኑ ሌሊት ሌሊት በራሱ እንዲያደርግ ፕሮግራም ጻፉለት፤ ሲከሽፍም በስልካችሁ ይድረሳችሁ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።