መኪናው ቢቆም ሆድ አይቆምም!

(በገንዳ ውሃ ለከባድ መኪና ሾፌሮችና ረዳቶች የተደረገ ንግግር)

ጎበዝ! ዛሬ ስለ መሪና ስለ ማርሽ ላስተምራችሁ አልመጣሁም። ከአዘዞ ተነስቶ፣ አይከልን አልፎ ወደዚህ ቆላ ሲወረድ ፍሬን እንዴት እንደሚያዝ ጋዜጠኛ ለሾፌር አይነግርም። የመጣሁት ስለ አንዲት ወረቀት ነው። ስለ ቅጥር ውላችሁ!

ሰሊጥና ጥጥ ጭኖ የሚወጣ፣ ሸቀጥ ይዞ የሚመለስ ሾፌር የሚኖረው በምንድነው? በደመወዙ ነው እንዳትሉኝ። ደመወዙማ ስሙ ብቻ ነው። ጎጆውን የሚያቆመው በየጉዞው የሚቆረጥለት አበልና ኮሚሽን ነው። መኪናው ከሄደ ይበላል፤ ከቆመ ከረዳቱ ጋር ተሳቢው ሥር ጥላ ፍለጋ ይተኛል። ከሙቀቱም ከወባውም ጋር!

መንገዱስ ስንቴ ቆመ? ሚያዝያ 2015 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ፈነዳ። ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ በአማራ ክልል በመንግሥት ጦርና በፋኖ መካከል ውጊያው ተቀጣጥሎ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ነሐሴ 2016 መጨረሻ ላይ ደግሞ ሱዳን የገላባትን መተላለፊያ ዘጋች። በጎንደር መተማ መንገድ ስንቱ ታገተ፣ ስንቱ ቤተሰብ ማስለቀቂያ ተጠየቀ! ለመሆኑ ይህን ሁሉ ያመጣው ሾፌሩ ነው እንዴ?

ሕጉ አይደለም ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 54፣ ሠራተኛው ለሥራ ዝግጁ ሆኖ በእሱ ባልሆነ ምክንያት ሳይሠራ ቢቀር ደመወዙ ይከፈለዋል ብሎ ደንግጓል። እሰይ! ግን እልል ከማለታችሁ በፊት አንድ አንቀጽ ወደ ኋላ ግለጡ። አንቀጽ 53 የውሎ አበል፣ ቦነስና ኮሚሽን «ደመወዝ» አይባሉም ይላል። ተንኮሉ እዚህ ጋ ነው፣ ወንድሞቼ።

ለምሳሌ ያህል ደመወዝህ 4,000 ብር፣ አበልህና ኮሚሽንህ 12,000 ብር ነው እንበል። መንገድ ተዘግቶ ወር ብትቀመጥ ሕጉ የሚያውቅልህ 4,000ውን ነው። ጡረታም እንደዚሁ። አንተ 7 በመቶ፣ አሠሪህ 11 በመቶ የምታዋጡት ከደመወዝ ላይ ነው። ከ4,000 ብር ላይ ሁለታችሁ የምታስገቡት 720 ብር ነው፤ 16,000ው ሁሉ ደመወዝ ቢሆን ኖሮ 2,880 ይሆን ነበር። ሲያረጁ የሚገባው ቁጭት ይሄ ነው። አዋጁ ራሱ የደመወዝ ወለል አስቀምጦ ቢሆን ደህና፤ እሱን የሚያጠና ቦርድ ይቋቋማል ብሎ አለፈው እንጂ ቁጥር አልጻፈም።

አንድ መኪና ብቻ ያለው ባለንብረት የባንክ ዕዳ እንዳለበት አውቃለሁ። መኪናው ሲቆም እሱም ያለቅሳል። ነገር ግን ብረቱን ኢንሹራንስ ሲያስገባለት ሾፌሩን በአበል ብቻ መያዝ ምን የሚሉት ሂሳብ ነው?

እንግዲህ ስትፈርሙ ሁለት ነገር ጠይቁ። ከአበሉ የተወሰነው ወደ ደመወዝ ይግባ። መኪና ኬላ ላይ ወይም ድንበር ላይ ለሚቆምበት ለእያንዳንዱ ቀን የሚከፈለውም በብር ይጻፍ፤ «እንተያያለን» ውል አይደለም። ረዳቱንም ወረቀቱ ላይ አስገቡት። ስታንቀላፋ የሚቀሰቅስህ፣ ጎማ ሲፈነዳ ፀሐይ ላይ የሚጋደመው እሱ ነው፤ በቃል ብቻ የተቀጠረ ረዳት ግን አደጋ ሲደርስ «አላውቀውም» ይባላል።