እውነተኛው አዩርቬዳ የትኛው ነው?



አዩርቬዳ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን በጠርሙስ የታሸገ ዱቄት ነው። ቃሉ ግን በሳንስክሪት «የሕይወት ዕውቀት» ማለት ነው። ቻራካ ሳምሂታ የተባለው የሕንድ ጥንታዊ የሕክምና መጽሐፍ አካልን የሚደግፉ ሦስት ምሰሶዎችን ይቈጥራል፤ እነርሱም ምግብ፣ እንቅልፍና ራስን መግዛት ናቸው። ሦስቱም በጠርሙስ የታሸገ ዱቄት አይደሉም።

እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ጥናት በቦስተን አካባቢ ከተሸጡ 70 የአዩርቬዳ መድኃኒቶች በ14ቱ ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ አገኘ። ማዕድኑ ሁልጊዜ በስሕተት የሚገባ አይደለም፤ ራሳ ሻስትራ በተባለው የቆየ ጥበብ ሆነ ተብሎም ይጨመራል። እንግዲህ «የጥንት ነው» ማለት «አይጎዳም» ማለት አይደለም።

በሌላ በኩል ሳርፓጋንዳ ከተባለው የሕንድ ተክል ሥር እ.ኤ.አ. በ1952 ሬዘርፒን ተለይቶ ወጣ፤ የደም ግፊት መድኃኒትም ሆነ። ስለዚህ «የጥንት ነውና ይጣል» ማለትም አላዋቂነት ነው። ሁለቱንም የለየው ምርመራ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ሥርዓተ ኑሮውን እንውሰድ፤ ዱቄቱን ግን ላቦራቶሪ ሳይመረምረው አንዋጥ። ሐኪም ያዘዘልንን መድኃኒት በራሳችን ፈቃድ አናቋርጥ፤ የምንወስደውንም ሁሉ ለሐኪም አንደብቅ።

በፈተና ሰሞን ሌሊቱን በቡና ነቅተን፣ ምግባችንን ዘለን፣ በማግሥቱ ብርታትን ከጠርሙስ የምንፈልግ እኛው ነን። ምሰሶዎቹን በነፃ እያፈረስን በገንዘብ ልንጠግናቸው አንችልም።